የገበሬው ሒሳብ በማን እጅ ተጻፈ

የድሬዳዋ ከተማ ደቻቱ በሚባለው ወንዝ ከሁለት የተከፈለች መሆኗን ያያት ሁሉ ያውቃል። ከወንዙ በአንደኛው ወገን ከዚራ አለ፤ የምድር ባቡር ኩባንያ አቅዶ ያሠራው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ በግራና በቀኝ የዛፍ ጥላ ያለው ሰፈር ነው። በሌላው ወገን ያለው መጋላ ነው። መጋላ ማለት በሶማልኛም በኦሮምኛም ከተማ ማለት ነውና፣ ከገጠር ለሚመጣው ሰው ከተማው ይኸኛው ወገን እንጂ ያኛው እንዳልነበረ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ገበሬው አህያውን እየነዳ፣ ከብት አርቢው ግመሉን እየሳበ፣ ሴቲቱ ወተቷን ወይም እንጨቷን ተሸክማ የሚመጡት ወደ መጋላ፣ ከዚያም ወደ ቀፊራ ገበያ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ለዐይን ትንሽ ይመስላል። ይኸውም አነስተኛ እርሻ ያለው ቤተ ሰብ ገቢውንና ወጪውን በደብተር የመጻፉ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ይህች ትንሽ ነገር ረዥም ታሪክ አላት፤ ታሪኳንም ሳያውቅ ደብተር ይዞ ወደ አባቱ የሚቀርብ ልጅ አባቱ ለምን ፊታቸውን እንዳጠቆሩበት ሊገባው አይችልም።

ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ከዚህ ቦታ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ወደ ሐረር ደጋ ለመውጣት ዳገቱ ስለ ከበደው ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ አዲሱም ጣቢያ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረች። የሐረርጌ ቡና፣ ቆዳና ሌላውም ሸቀጥ በበቅሎና በግመል ወርዶ ከዚህ በባቡር ይጫን ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዘመን በከተማው የነበረውን ጽሕፈት በሐሳብህ ተመልከት። በጣቢያው ጆንያው ሁሉ ይመዘናል፤ ክብደቱ፣ የላኪው ስምና የሚሄድበት አገር በፈረንሳይኛ ይጻፋል። በየሱቁ የህንዱ ነጋዴ በህንድ ፊደል፣ ዐረቡ በዐረብ ፊደል፣ ግሪኩም አርመኑም እያንዳንዱ በየአገሩ ፊደል የዕለት ሒሳቡን ያሰፍራል። በአንድ መንገድ ላይ አምስት ዓይነት ፊደል ገበያውን ይቈጥረው ነበር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ያልተጻፈው የአንድ ሰው ሒሳብ ብቻ ነው፤ እርሱም ቡናውን የተከለውና ማሽላውን የዘራው ሰው ነው። ስሙ በእርግጥ በአንድ ስፍራ ይገኝ ነበር፤ በባለ ሱቁ የዱቤ መዝገብ። ጨው፣ ጨርቅ፣ ላምባ በዱቤ ወስዶ መኸር ሲደርስ እከፍላለሁ ያለበት ነው። የተጻፈበትን ፊደል ግን አያነበውም።

ከባቡሩ በፊትም ነገሩ እንዲሁ ነበር። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ በሐረር ነጋዴ ሆኖ በኖረበት ዘመን፣ በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም.፣ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ተጠብቀው ዛሬ ይነበባሉ። ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ግመል ኪራይ፣ ስለ ማሪያ ትሬዛ ብር እያማረረ ይጽፍ ነበር። ስለዚህ አንድ የሩቅ አገር ሰው በሐረር ንግድ ምን እንዳተረፈና ምን እንደ ጎደለበት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ልናውቅ እንችላለን። ቡናውን ያመጣለት የሐረርጌ ገበሬ ከዚያ ሽያጭ ለቤቱ ምን እንደ ቀረለት በነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ የለም።

ይህን ስናይ አገራችን ጽሕፈት አልነበራትም ለማለት አይቻልም። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ሰዎች መሬት ሲሸጡና ሲገዙ ውሉ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጽና ዳርቻ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ዋጋው፣ ሻጩ፣ ገዢውና ምስክሩ ተዘርዝረው ዛሬም ይታያሉ። በሐረርም ከተማ በቃዲው ፍርድ ቤት የመሬትና የውርስ ነገር በዐረብኛ ይመዘገብ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም ሆነ የዘመኑ ትምህርት ቤት ሳይኖር አባቶቻችን የጽሕፈትን ጥቅም ዐውቀው ነበር። ነገር ግን የተጻፈው መሬቱ የማን መሆኑ ነው፤ መሬቱ በዓመት ምን ሰጠ፣ ምንስ በላ የሚለው አልነበረም። እርሱ በገበሬው ራስ ውስጥ ብቻ ይኖር ነበር።

አሁን ወደ ክፉው ነጥብ እንመጣለን። ብዕር ወደ ገበሬው ደጅ የሄደባቸው ጊዜዎች ነበሩ። ለምን ሄደ?

ዳግማዊ ምኒልክ ሐረርን በ1879 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ በሐረርጌ መሬት በቀላድ ተለካ፤ ጋሻ እየተባለም ተከፈለ። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሔክታር ይጠጋል። በ1885 ዓ.ም. ደግሞ፣ ክፉ ቀን ከተባለው ረኃብ በኋላ፣ ወታደሩ በየገበሬው ቤት እየገባ እንዳይመገብ ሲባል ከእህል አሥራት እንዲወጣ ተደነገገ። ሐሳቡ ገበሬውን ለማሳረፍ ነበር። ይሁን እንጂ ከአሥር አንዱን ለመውሰድ አሥሩ ስንት እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ገበሬው ደግሞ ደብተር የለውም፤ ስለዚህ ገማች ይመጣል። ገማቹ አዝመራውን በዐይኑ ለክቶ ይህን ያህል ይወጣዋል ብሎ ሲፈርድ፣ የለም ያነሰ ነው የሚለው ገበሬ ከመሐላ በቀር የሚያቀርበው ማስረጃ አልነበረውም። የዚያን ዘመን የግብርና የመሬት ሥርዐት ለማወቅ የሚሻ ወጣት ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ሰብስበው በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙትን ዝክረ ነገር የተባለውን ትልቅ መጽሐፍ ይመልከት።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ አሥራቱ በእህል መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ ተቈረጠ። ለተለካ መሬት ግብሩና የአሥራቱ ለውጥ ተደምሮ በጋሻ ለለም 50 ብር፣ ለለም ጠፍ 40 ብር፣ ለጠፍ 15 ብር ሆነ። ነገሩ ቀላልና ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን በደቡቡና በምሥራቁ አውራጃ ብዙው አራሽ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። ባለ መሬቱ ለመንግሥት የተቈረጠውን ጥቂት ብር ይከፍላል፤ ከጭሰኛው ግን አሥራት ነው እያለ ከምርቱ ከአሥር አንዱን በእህል ይቀበላል። የእህሉ ዋጋ ከተከፈለው ብር ሲበልጥ ትርፉ በባለ መሬቱ ጎተራ ይቀራል። ከሢሶውም ሆነ ከእኩሌታው በላይ ማለት ነው። እስቲ አስበው! ጭሰኛው በየዓመቱ ስንት ዳውላ እንዳስረከበ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት ቢኖረው ኖሮ ፍርድ ቤት ባይረታ እንኳ የሚናገረው ነገር ይኖረው ነበር። ወረቀት መኖሩ ብቻውን ከኀይለኛ ያድናል አልልም፤ ለማይሰማ ዳኛ መዝገብም አይናገርም። ሆኖም የተበደለውን ልክ የማያውቅ ሰው አቤቱታው ሁልጊዜ ለቅሶ ሆኖ ይቀራል።

አሥራቱ የተሻረው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ነው። አዲሱ ሕግ ግብር የሚጥለው በመሬቱ ስፋት ሳይሆን ገበሬው በሚያገኘው ገቢ ላይ ነበርና በሐሳብ ረገድ የተሻለ ነው። ነገር ግን ገቢ የሚታወቀው በምንድን ነው? በሒሳብ መዝገብ ነው። መዝገቡ በገጠር ስላልነበረ እንደገና ገማች ተላከ። በጎጃም ገበሬው ገማቹን አላስገባም አለ፤ በዚያው በ1960 ዓ.ም. ዐመፅ ተነሥቶ ጦር ዘመተ፣ ደምም ፈሰሰ፤ በመጨረሻ መንግሥት ውዝፉን ትቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። የጎጃም ሰው የተነሣው ስለ ግብሩ ብዛት ብቻ አልነበረም። የሚለካና የሚጽፍ ሰው በርስቴ ላይ ከቆመ ነገ ርስቴን ይወስደዋል ብሎ ስለ ፈራ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ምሳሌ መምህሮቻችን ጽሕፈትን ለማመስገን ይጠቅሱታል። ገበሬው ግን ይወረሳል የሚለውን ቃል በሁለተኛው ትርጉሙ ሰማው፤ የተጻፈበት ነገር ሁሉ ሲወረስበት አይቷልና። ብዙ ሽማግሌዎች መንጋቸው ሲቈጠር ደስ የማይላቸው፣ ልጅና ከብት አይቈጠርም የሚሉት ለዚህ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። በየዘመኑ ከቆጣሪው በኋላ ወሳጅ መጥቶባቸዋል። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን ካስቀረ በኋላ እንኳ ብዙ ሳይቆይ የኮታ እህል መጣ፤ ገበሬው በተቈረጠ ዋጋ ለመንግሥት ድርጅት እንዲሸጥ ሲገደድ ያለውን እህል ማሳወቅ እንደገና ጉዳት ሆነበት። ስለዚህ ወጣት ሆይ፣ አባትህ ደብተርህን በጥርጣሬ ቢያዩት ድንቁርና ነው ብለህ አትፍረድ።

ነገር ግን ሁለት ዓይነት መጻፍ አለ። አንደኛው ከውጭ መጥቶ ስለ ቤቱ የሚጻፍ ነው፤ ሁለተኛው ከቤት ውስጥ ለቤቱ የሚጻፍ ነው። ይህ ልዩነት በሌላም አገር ይታያል። ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፣ ባለ ርስቱ ወደ እርሻው በሄደ ጊዜ የገንዘቡን፣ የእህሉን፣ የወይኑንና የዘይቱን ሒሳብ ከሹሙ እንዲቀበል ይመክራል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ጌታ ባሪያውን የሚቈጣጠርበት ሒሳብ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሮበርት ሎደር የሚባል ገበሬ ከ1610 እስከ 1620 በፈረንጅ አቈጣጠር የገዛ እርሻውን ሒሳብ በየዓመቱ ጽፏል። ማንም አላዘዘውም። ለቤቱ ሠራተኞች የሚወጣው ምግብና መጠጥ በዓመት ስንት እንደሚፈጅ እንኳ አስልቶ አስቀምጧል፤ ይህን ያደረገው በሚቀጥለው ዓመት ምን ልዝራ፣ ምንስ ልተው ብሎ ራሱን ለመጠየቅ ነው። የካቶን ሳይሆን የሎደርን ዓይነት ደብተር ነው የምናወራው።

በአገራችንም ሕጉ ገበሬውን ለመዝገብ አላስገደደውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ሲያዝ፣ የእርሻውን ምርት የሚሸጠውን ገበሬ ከነጋዴ አልቈጠረውም። ስለዚህ የእርሻ ደብተር የፈቃድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። መሣሪያውም ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። በመጋላ ዕቁብ የማይጥል ቤት ጥቂት ነው፤ የዕቁቡ ጸሐፊ ስም ጽፎ፣ መስመር አስምሮ፣ የከፈለውንና ያልከፈለውን በምልክት ይለያል። ዕድሩም፣ የሐረሪዎችም አፎቻ እንዲሁ የየራሱ ሥርዐት አለው። የሠላሳ ሰው ገንዘብ በአንድ ደብተር ሳይሳሳት የሚይዝ ሕዝብ የአንድ ጎጆ እርሻ እንዴት ያቅተዋል? በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቶ ፊደሉን ወደ ገጠሩ አደረሰው። ደብተሩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ቢጻፍ ለሒሳቡ ልዩነት የለውም፤ እናትና አባት የሚሰሙት ቋንቋ ከሁሉ ይመረጣል፤ ማታ ማታ ጮኽ ብሎ መነበብ አለበትና።

አጻጻፉ እንዴት ነው ብትል፣ አንድ ባለ መስመር ደብተር ይበቃል። ገጹን በረዥሙ ከፍለህ ቀኑን፣ የሆነውን ነገር፣ ልኩን፣ የገባውንና የወጣውን ትጽፋለህ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ሳይሸጥ ቤት ውስጥ የተበላው ነው። ማሽላው ከጎተራ ወጥቶ ሲፈጭ ማንም ብር አልከፈለምና ብዙ ሰው አይጽፈውም፤ ይሁንና በድሬዳዋ ዙሪያ ካለው ገበሬ የአብዛኛው ትልቁ ገቢ ይኸው ነው። በጣሳ ወይም በቁና ለክቶ መጻፍ ነው እንጂ ዋጋ መተመን የግድ አይደለም። ለዘር የተቀመጠው ለብቻው ይጻፍ። ዱቤ ደግሞ የራሱ ገጽ ይኑረው፤ በወሰዳችሁበት ቀን በባለ ሱቁ ፊት ቢጻፍ ይሻላል። ባለ ሱቁ አይቀየምም፤ ታማኝ ነጋዴ ሁለት መዝገብ ሲስማማ ደስ ይለዋል፤ የሚቀየም ከሆነ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ለምሳሌ አንድ ቤተ ሰብ ቲማቲም ተክሎ በቀፊራ በ24,000 ብር ሸጠ እንበል። ገንዘቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ገባ በቤቱ ደስታ ሆነ፤ በመጪውም ዓመት ማሳውን ሁሉ ቲማቲም እናድርገው ተባለ። ልጅቱ ግን ደብተሩን ገልጣ ደመረች። ለዘርና ለችግኝ 3,500፣ ለውሃ መሳቢያው ነዳጅ 6,200፣ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት 4,800፣ ለሣጥን፣ ለጭነትና ለወዛደር 2,900፣ ለቀን ሠራተኛ 4,100። ወጪው 21,500 ብር ሆነ፤ የቀረው 2,500 ነው። የወንድሟና የእናቷ የሦስት ወር ድካም ገና አልታሰበም። በዚያው ዓመት ሁለት ፍየል በ9,000 ብር ተሸጠው ለጨውና ለክትባት የወጣው 400 ብቻ ነበር። ይህ ማለት ቲማቲም ክፉ፣ ፍየል ደግ ነው ማለት አይደለም፤ ድርቅ ሲመጣ ፍየል ያልቃል፣ ቲማቲምም ዋጋው የሚወደድበት ወር አለ። ነገር ግን ነዳጁ በትንሽ በትንሹ፣ በአሥር ጊዜ ስለ ተገዛ 6,200 መድረሱን ያለ ደብተር ከቤቱ ሰው አንድም አያውቀውም ነበር። ሽያጭ በአንድ ቀን ይመጣል፤ ወጪ ግን እንደ ምስጥ ነው።

ይህን ድምር ለአባት እንዴት ማቅረብ እንደሚገባ ደግሞ ጥበብ ይጠይቃል። በእንግዳ ፊት፣ ወይም ልክ ተሳስታችኋል እንደሚል ሰው አድርጎ የሚያነብ ልጅ ሒሳቡ ትክክል ቢሆንም ሥራው ብልሹ ነው። አባትህ የትኛው ማሳ ውሃ እንደሚይዝ፣ በልጉ ከዘገየ ማሽላው መቼ እንደሚዘራ ያውቃሉ፤ ይህ በደብተርህ የለም። እናትህም በቀፊራ ማን በዱቤ ወስዶ እንዳልመለሰላት ካንተ ጽሑፍ ይልቅ በሚገባ ታስታውሳለች፤ አንዳንዷ ሴት በከሰል በግድግዳ ላይ መስመር እያሰመረች ከርማለች። ይኸ ሁሉ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለህ ጠይቃቸው፤ እሳቸውና እርሷ ይንገሩህ፣ አንተ ጻፍ፤ ከዚያ መልሰህ አንብብላቸው። የቤቱን ደብተር ለውጭ ሰው ማሳየትም አለማሳየትም የወላጆች ፈቃድ ይሁን። ደብተሩ ከነሱ ፈቃድ ውጭ ለጎረቤት ወይም ለሌላ ከተነበበ የድሮው ፍርሃት እውነት ነበር ማለት ይሆናል።

አስቀማመጡንም መርሳት አይገባም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከዳርቻው ብዙ ቤት ከነሰዉ ወሰደ፤ ከሁለት መቶ በላይ ነፍስ ጠፋ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚታየው ወንዝ እንዲህ ካደረገ ደብተር መሬት ላይ አይቀመጥም። በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጣራው ሥር ቢሰቀል፣ የመሬቱም የይዞታ ወረቀት አብሮት ቢሆን መልካም ነው። ዛሬ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ በከተማ ላለች እህት መላክ ስለሚቻል ይህም ይደረግ።

ወንድማማቾች ጎጆ ሲወጡና መሬቱ ሲከፈል ደብተሩ ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ይነሣል። በድሬዳዋ ዙሪያ ያለው ማሳ ከአንድ ሔክታር የማይሞላ ብዙ ስለ ሆነ ክፍያው አስቸጋሪ ነው። አንዱ ጕድጓዱ የተቈፈረበትን፣ ሌላው ጫቱ ያለበትን ይወስዳል፤ ማን የበለጠ እንደ ደረሰው ክርክር ይነሣል። የአምስትና የስድስት ዓመት ደብተር ያለበት ቤት ሽማግሌዎቹ ከየማሳው የወጣውን ገጽ በገጽ ያስነብባሉ። በዚያ ጊዜ የሚያነበው ብዙውን ጊዜ የታናሹ ልጅ ድምፅ ነው፤ ሌሎቹ ከምድር ዐይናቸውን ሳያነሡ ይሰማሉ፤ አንዳንዴም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ያንን ገጽ ድገመው ይላል።